የተሰበረውን ብስክሌት ስለ መተካት

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፥ ስለ አንድ ነገር ምክር የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ለመጻፍ ያነሣሣውን ምክንያት ሳይሸሽግ መናገር ይገባዋል። ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ወጥ ቤት ንጽሕናና ስለ ልብስ አያያዝ ብዙ ምክር ይሰጣል፤ ብስክሌት ግን እንደ ጎልማሶች መጫወቻ ይቈጠርና ስለ እርሱ ዝም ይባላል። ነገር ግን እንደ ባሕር ዳር ባለ፥ መንገዱ ሜዳማ በሆነ ከተማ፥ ብስክሌት የቤተ ሰብ ዕቃ ነው። አባት ሥራውን ይሄድበታል፤ እናት የገበያ ዘንቢሏን ታንጠለጥልበታለች፤ ልጅ ትምህርት ቤት ይደርስበታል። ስለዚህ ብስክሌት መግዛት አልጋ ወይም ምጣድ ከመግዛት ያላነሰ አሳብ ይፈልጋል። እንዲያውም ይበልጣል፤ አልጋ ቢሰበር የተኛውን ከመሬት ያገናኘዋል እንጂ ከመኪና ጎማ ሥር አይጥለውምና።

እኔ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ የምተዳደር ሰው ስሆን፥ ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ ያለውን መንገድ ለ11 ዓመት የተመላለስሁት በአንድ የአሉሚኒየም ብስክሌት ነበር። ስገዛውም ሌላ ሰው የተገለገለበት ነበረ እንጂ አዲስ አልነበረም። ጧት ጧት ልጄን ከኋላ በዕቃ መጫኛው ላይ አስቀምጬ ትምህርት ቤት አደርሳትና ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ይህን ስንጀምር ልጅቱ የ6 ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ኋላም 12 ዓመት ሞላት። እኔ ግን በየቀኑ ስለማያት ማደጓን አላስተዋልሁም።

በአንድ ቅዳሜ ልጄ ብስክሌቱን በጨርቅ ስትወለውል፥ «አባዬ፥ ይህ ፀጉር የመሰለ መስመር ምንድር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከኮርቻው ሥር፥ ከኋላ ጎማ የሚመጣው ቀጭን ቱቦ ከቋሚው ቱቦ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነበር። እኔም ጋዜጣዬን ሳልለቅ፥ «ቀለሙ ተጭሮ ነው» አልኋት። እርሷም፥ «ብጠርገውም አይለቅም እኮ!» አለች። እናቷ ይህን ሰምታ፥ «ልጅቱ ያየችውን እስቲ ለሚያውቅ ሰው አሳየው፤ ማሳየት ገንዘብ አያስከፍልም» ብላ ስለ ነዘነዘችኝ፥ ወደ አንድ በያጅ ወሰድሁት። በያጁም በቶሎ በይዶ፥ ቀለም ቀብቶ፥ «ከፊተኛው ይልቅ ጠንክሯል» ብሎ መለሰልኝ። የከፈልሁት ዋጋ ጥቂት ስለ ነበረ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ በአምስተኛው ሳምንት፥ በአንድ ሰኞ ጧት፥ መንገዱን አቋርጦ የሚያልፍ የጎርፍ መውረጃ ላይ ጎማው ነጠር ሲል፥ የተበየደው ቦታ ከነጭራሹ ተበጠሰ። እኔ በጎኔ ወደቅሁ፤ ልጄም በእጇ መሬቱን ልትደግፍ ስትል የግራ አንጓዋ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጄሶ ታስራ ቆየች። የሚመጣ መኪና በዚያ ሰዓት አልነበረም፤ ስለዚህም ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። ስለ ቀረው ግን ምስጋና የሚገባው ለኔ አይደለም።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ በቤታችን ክርክር ተነሣ። የተሰበረውን በምን እንተካው? የሥራ ባልደረባዬ፥ «አሉሚኒየም አይዘግም፤ ደግሞም ቀላል ነው፤ ያንተው አሮጌ ስለ ነበረ ነው እንጂ አዲስ ብትገዛ ደኅና ነው» አለኝ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ በካርቦን የተሠራ ብስክሌት በአንድ ጣት አንሥቶ አይቶ ኖሮ፥ «ሌላውን ተወው» ይላል። ባለቤቴም፥ «አባቴ ጤፍ የሚጭንበት የብረት ብስክሌት እኔን አሳድጎ ታናሾቼን አሳደገ» አለች። እኔም ዳኛ የሁለቱን ወገን ቃል ሳይሰማ እንደማይፈርድ በየቀኑ የማይ ሰው ስለ ሆንሁ፥ የእያንዳንዱን ብረት ክስና መልስ መርምሬ ለመረዳት ወሰንሁ። የተረዳሁትንም ለአንባቢ እንደሚከተለው አቀርባለሁ። የውጭ አገር ታሪክ ዓመቶች የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑ ይታወቅ።

በመጀመሪያ የብስክሌትን አካል ማወቅ ያስፈልጋል። መሪውን፥ ኮርቻውን፥ ፔዳሉንና ሁለቱን ጎማ አያይዞ የሚሸከመውን፥ በቱቦ የተሠራውን ዋና አካል ባለሙያዎች ቴላዮ ይሉታል። ጎማም ሰንሰለትም ፍሬንም ቢያልቁ ይለወጣሉ፤ ቴላዮው ግን ከተሰበረ ብስክሌቱ ራሱ አለቀ ማለት ነው። በ1817 ካርል ፎን ድራይስ የሚባለው ጀርመናዊ በማንሃይም ከተማ ያሳየው የመጀመሪያው ባለ ሁለት ጎማ መሣሪያ የተሠራው ከእንጨት ነበረ፤ ፔዳልም ስላልነበረው የተቀመጠበት ሰው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሄድ ነበር። በ1885 በእንግሊዝ አገር፥ በኮቨንትሪ ከተማ፥ ጆን ኬምፕ ስታርሊ ልካቸው የተቀራረበ ሁለት ጎማ ያለው፥ በሰንሰለት ከኋላ የሚገፋ ብስክሌት ሠራ። ከሦስት ዓመት በኋላም በ1888 ደንሎፕ በቤልፋስት ነፋስ የሚሞላውን ጎማ አወጣ። ዛሬ በመንገዳችን የምናየው ብስክሌት ሁሉ የነዚህ ልጅ ነው። የቴላዮውም ቅርጽ ሁለት ሦስት ማዕዘን ተጋጥመው የሚሠሩት ነው፤ ሦስት ማዕዘን ቱቦዎቹ ራሳቸው ካልታጠፉ በቀር ቅርጹን አይለውጥምና።

ስለ ዓረብ ብረት። ከሁሉ ቀድሞ የነበረው ይህ ነው። ክሱ ሁለት ነው፤ ይከብዳል፥ ይዘግማል። ክብደቱ እውነት ነው፤ አንድ ሊትር የሚያህል ዓረብ ብረት 7.8 ኪሎ ሲመዝን፥ ያንኑ የሚያህል አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። ነገር ግን ዓረብ ብረት ከአሉሚኒየም ይልቅ ሦስት ጊዜ ያህል ለመታጠፍ እምቢተኛ ስለ ሆነ፥ በቀጭን ቱቦ ሊሠራ ይችላል። ደግሞም ዓረብ ብረት ሁሉ አንድ አይደለም። ተራው ዓረብ ብረት ለመጠንከር ወፍራም ግድግዳ ያለው ቱቦ ይፈልጋል፤ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ክሮሚየምና ጥቂት ሞሊብዲነም የተጨመረበት ግን እጅግ ስለሚበረታ ግድግዳው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ቱቦ ይበቃዋል። በ1897 ሬይኖልድስ የሚባለው የበርሚንግሃም ሰው ጫፍና ጫፉ ወፍራም፥ መካከሉ ስስ የሆነ ቱቦ የሚሠራበትን ብልሃት በስሙ አስመዘገበ። ጭንቁ ያለው መጋጠሚያው ላይ ስለ ሆነ ብረቱን በሚያስፈልግበት ቦታ አኑሮ ከማያስፈልግበት ቀነሰ ማለት ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሰለፈችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ሲወዳደሩ፥ የዚያ ዘመን የውድድር ብስክሌት የሚሠራው በዓረብ ብረት ነበር። እንግዲህ ብረት የጭነት ብቻ ነው ማለት ትክክል አይደለም።

ዝገቱን በተመለከተ፥ የሚያስፈራው ከውጭ የሚታየው ሳይሆን ከውስጥ የሚበላው ነው። የክረምት ዝናብ በኮርቻው ምሰሶ ዳር ገብቶ በታች፥ በፔዳሉ መዘውር አጠገብ ይጠራቀማል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ክረምት ሲወጣ ምሰሶውን ነቅሎ ብስክሌቱን ገልብጦ ውሃውን ማፍሰስ፥ ጥቂት ዘይት ወደ ቱቦው ውስጥ መጨመር፥ ምሰሶውንም ግራሶ ቀብቶ መመለስ ነው። ቀለሙ እንደ ሽፍታ ያበጠበት ቦታ ካለ ከሥሩ ዝገት አለና ይመርመሩት።

የዓረብ ብረት ትልቁ ምስጋና ሌላ ነው። አንድን ሽቦ ወዲያና ወዲህ ደጋግመን ብናጥፈው እንደሚሰበር ሁሉም ያውቃል፤ ይህም የብረት ድካም ይባላል። ለዓረብ ብረት ግን የድካም ወሰን አለው፤ የሚያርፍበት ጭንቀት ከዚያ ወሰን በታች ከሆነ፥ ሚሊዮን ጊዜ ቢደጋገምበትም አይደክምም። ሲሰነጠቅም አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ፥ እየጮኸና እየተወላገደ ስለ ሆነ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል። ቢሰበርም ዓረብ ብረት መበየድ የሚችል ሰው በየከተማው አይታጣም፤ ነገር ግን ስሱን ቱቦ ከመጠን በላይ የሚያግል በያጅ ሊያበላሸው ስለሚችል የሚያውቅ ሰው ይፈለግ።

ስለ አሉሚኒየም። ይህ ብረት በከንቱ የተመሰገነ አይደለም። ቀላል ነው፤ እንደ ዓረብ ብረት አይዘግም፤ በብዛት ስለሚሠራም ዋጋው መጠነኛ ነው። ለመታጠፍ የሚሰጠው እምቢታ አነስተኛ ስለ ሆነ ሠሪዎቹ ቱቦውን አወፍረው ይሠሩታል፤ ቱቦ ውፍረቱ ሲጨምር ጥንካሬው ከውፍረቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራልና። በቀጭኑና በወፍራሙ ቱቦ ብቻ ከሩቅ ሁለቱን መለየት ይቻላል፤ ያልተቻለው ሰው ማግኔት ያስጠጋበት፤ ዓረብ ብረትን ይይዛል፥ አሉሚኒየምን ግን አይነካውም። ይህን ፈተና ልጆች ደስ እያላቸው ያደርጉታል።

ጉድለቱ እንዲህ ነው። አሉሚኒየም እንደ ዓረብ ብረት የታወቀ የድካም ወሰን የለውም፤ ትንሹም ጭንቀት ሲደጋገም ይጠራቀምበታል። ደግ ሠሪ ይህን አውቆ ሕይወቱ ለብዙ ዓመት እንዲበቃ አድርጎ ይሠራዋል፤ ነገር ግን የተሠራው ለታወቀ ጭነት ነው እንጂ ላልታወቀ አይደለም። ሁለተኛም የብየዳው ነገር አለ። ለብስክሌት ከሚሆኑት የአሉሚኒየም ቅይጦች በብዛት የሚገኘው 6061 የሚባለው ሲሆን፥ ሲበየድ እሳቱ የደረሰበት ቦታ ከፊተኛው ብርታቱ ብዙውን ያጣል። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ቴላዮውን በሙሉ ከብየዳ በኋላ ወደ 530 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት አግሎ፥ በድንገት አቀዝቅዞ፥ እንደ ገና በ175 ዲግሪ አካባቢ ለብዙ ሰዓት ያቈየዋል፤ ብርታቱም ይመለሳል። 7005 የሚባለው ቅይጥ ይህ ሁሉ ባያስፈልገውም ከብየዳ በኋላ ልክ ባለው ሙቀት መቈየት አለበት። እንዲህ ያለ ምድጃ በመንገድ ዳር በያጅ ቤት አይገኝም። ስለዚህ የእኔ ቴላዮ በተበየደ ጊዜ ስንጥቁ ከዓይን ተሰወረ እንጂ አልዳነም፤ እንዲያውም በዙሪያው ያለው ደኅና ብረት ለሰለሰ። «ከፊተኛው ይልቅ ጠንክሯል» የተባለው ቃል ተቃራኒው እውነት ነበረ። አንባቢ ሆይ፥ የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ቴላዮ የሚጣል እንጂ የሚጠገን አይደለም ብለህ ያዝ።

ስለ ካርቦን። ይህ ብረት አይደለም፤ ከፀጉር የቀጠነ የካርቦን ክር ተደራርቦ በጠንካራ ማጣበቂያ የተያያዘ ነው። ክሩ በተዘረጋበት አቅጣጫ እጅግ ብርቱ፥ ሲመዘንም ከሁሉ የቀለለ ነው። ዛሬ ታላላቅ ውድድሮች የሚካሄዱት በእርሱ ነው፤ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፅጋቡ ግርማይና ጓደኞቹ የነዱት እንዲህ ያለውን ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር የውድድር ብስክሌት ከ6.8 ኪሎ በታች እንዳይሆን ከ2000 ጀምሮ መወሰኑ፥ ሠሪዎቹ ምን ያህል ማቅለል እንደ ቻሉ ያስረዳል። ነገር ግን ከጎን በኩል በድንጋይ ቢመታ ወይም ማጥበቂያው ከመጠን በላይ ቢጠብቅበት፥ ከላይ ቀለሙ ሳይላጥ ከውስጥ ሊላቀቅ ይችላል። ጉዳቱን ለማወቅ የተማረ ዓይን፥ አንዳንድ ጊዜም ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል። በጋሪና በባጃጅ መካከል ለሚቆም፥ ከግድግዳ ጋር ለሚጋጭ የቤተ ሰብ ብስክሌት አይመችም።

ስለ ቲታኒየም። ይህ በክብደቱ በዓረብ ብረትና በአሉሚኒየም መካከል ያለ፥ የማይዘግ፥ እንደ ዓረብ ብረትም የድካም ወሰን ያለው መልካም ብረት ነው። ነገር ግን ዋጋው የደመወዝተኛን አቅም ያልፋል፤ ሲበየድም የጋለው ቦታ አየር እንዳይነካው በልዩ ጋዝ ካልተሸፈነ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ምስጋናውን ተናግረን እናሰናብተዋለን።

ይህን ሁሉ ከመረመርሁ በኋላ አሉሚኒየሙን ጥፋተኛ አድርጌ ነገሩን ልዘጋ ነበር። ነገር ግን የተሰበረውን ቴላዮ፥ መለዋወጫው እንኳ ቢተርፍ ብዬ፥ ከአንድ አረጋዊ የብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ወሰድሁት። ሽማግሌው ስብራቱን ለረጅም ጊዜ ተመልክተው፥ «ልጄ፥ ይህን ብስክሌት ምን ስትጭንበት ኖርህ?» አሉኝ። «ልጄን ብቻ ነው፥ አባቴ» አልኋቸው። «ስንት ኪሎ ትሆናለች?» ብለው ጠየቁ። ሐኪም ቤት በተመዘነች ጊዜ 36 ኪሎ መሆኗን አስታውሼ ነገርኋቸው። እርሳቸውም የዕቃ መጫኛውን ጀርባ በአውራ ጣታቸው ጠርገው ወደ ዓይኔ አስጠጉት። «25 ኪሎ» የሚል በብረቱ ላይ ታትሞ ነበር።

በእውነቱ የዚያን ጊዜ አፈርሁ። ሰው የጻፈውን ማንበብ፥ የተናገረውን መጻፍ እንጀራዬ ሆኖ ሳለ፥ በየቀኑ እጄ የሚነካውን ጽሑፍ ሳላነብ ስድስት ዓመት ኖርሁ። ልጅቱ በ6 ዓመቷ ስትቀመጥበት ከተወሰነው በታች ነበረች፤ በ12 ዓመቷ ግን ደብተሯ ሳይጨመር 11 ኪሎ አልፋለች። ያም ጭነት የሚያርፈው በትክክል በተሰነጠቀው ቦታ ላይ ነበር። ደግሞስ የዕቃ መጫኛ ለዕቃ ነው፤ ዕቃ አይነቃነቅም፥ ልጅ ግን ትነቃነቃለች። ለሕፃናት ተብሎ የሚሠራው የኋላ መቀመጫ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 22 ኪሎ ብቻ ነው የተፈቀደለት። ስለዚህ በብረቱ ላይ የጻፍሁትን ክስ አሻሻልሁ። አሉሚኒየሙ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ምስክር ነው፤ በያጁ የማያውቀውን ሠራ፤ ዋናው ተጠያቂ ግን ሚስቱና ልጁ ያስጠነቀቁት፥ ጽሑፉም ያስጠነቀቀው የቤቱ አባት ነው። ብረት ብንለውጥና ልማድ ባንለውጥ፥ ዓረብ ብረቱንም ቢሆን ከወሰኑ በላይ ጭነን አንድ ቀን እንሰብረዋለን።

አሁን ስለ ክብደት ጥቂት ልናገር፤ ገዥዎች ብዙ ገንዘብ የሚያጠፉት በዚህ ነውና። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው 14 ኪሎ በሆነ ብስክሌት ሲሄድ ጠቅላላው 79 ኪሎ ነው። ብስክሌቱ ወደ 12 ኪሎ ቢቀንስ 77 ኪሎ ይሆናል። በዳገት የሚያተርፈው ድካም እንግዲህ ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ነው። በሜዳ ላይ ደግሞ የሚከለክለን ነፋሱና ጎማው እንጂ ክብደቱ ስላልሆነ ልዩነቱ አይታወቅም። ዳገት በሚበዛበት በአዲስ አበባ ለሚኖር፥ ወይም ብስክሌቱን ወደ ፎቅ ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው ቀላልነት ዋጋ አለው፤ ለባሕር ዳር ሰው ግን ከሌላው ጥቅም በኋላ የሚቈጠር ነው። «ዓረብ ብረት ይመቻል፥ አሉሚኒየም ያንገጫግጫል» የሚባለውም ቢሆን ግማሽ እውነት ነው። ኮብልስቶን ላይ አጥንትን የሚያሳርፈው ከቴላዮው ይልቅ ሰፋ ያለ ጎማ፥ ከመጠን በላይ ያልተነፋ ካላማዳሪያ ነው።

የተገለገሉበትን ብስክሌት የሚገዛ ሰው እንደሚከተለው ይመርምር።

1ኛ፤ ብስክሌቱ ታጥቦ በቀን ብርሃን ይታይ። በመሪው ሥር፥ በፔዳሉ መዘውር ዙሪያ፥ በኮርቻው ሥርና የኋላ ጎማ በሚታሰርበት ያሉትን መጋጠሚያዎች ሁሉ በጨርቅ እየጠረገ ይመልከት። የተጠረገ መስመር ካልለቀቀ ስንጥቅ ነው ብሎ ይጠርጥር፤ አዲስ ቀለም በአንድ ቦታ ብቻ ካየም ለምን እንደ ተቀባ ይጠይቅ።

2ኛ፤ ከመሪው ወደ ፔዳል የሚወርደውን ወፍራም ቱቦ ከሥሩ በጣቱ ይዳስስ። ቀለሙ የተጨማደደ ወይም ቱቦው ያበጠ ከሆነ ብስክሌቱ አንድ ጊዜ ከፊት ተጋጭቷል።

3ኛ፤ የኮርቻውን ምሰሶ ከፍ ሲያደርግ በላዩ የታተመው የመጨረሻ ምልክት ከቱቦው ውጭ እንዳይወጣ ይጠንቀቅ። ምልክቱ ከወጣ ምሰሶው እንደ ዘነዘና ሆኖ ቴላዮውን ይሰነጥቀዋል።

4ኛ፤ ልኩ ለሰውዬው ይሁን። በኮርቻው ተቀምጦ ፔዳሉ ከታች ሲደርስ ጉልበቱ በጥቂቱ ብቻ ይታጠፍ፤ ወርዶ ሲቆምም የላይኛው ቱቦ እንዳይነካው።

5ኛ፤ የጎማውን ቍጥር ያንብብ። 26 የሚል የተጻፈባቸው ጎማዎች ሁሉ እኩል አይደሉም፤ ቸርኬው 559 ሚሊሜትር የሆነ አለ፥ 590 የሆነም አለ፤ አንዱ በሌላው አይገባም። ትክክለኛው ልክ በጎማው ጎን «47-559» እንደሚል ሆኖ ተጽፏል፤ ፊተኛው ስፋቱ፥ ኋለኛው የቸርኬው ልክ ነው። ያንን ጎማ በከተማው ሱቅ ሳያይ አይግዛ።

6ኛ፤ ብዙውን ጊዜ ከፔዳሉ መዘውር በታች የተቀረጸውን የቴላዮ ቍጥር በደብተሩ ይጻፍ፤ ሻጩም ያንኑ ቍጥር በደረሰኙ ላይ ጽፎ ይፈርምለት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደ ተባለ፥ ብስክሌት ቢሰረቅና ቢገኝ «ቀለሙ ሰማያዊ ነበረ» ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ሰማያዊ ብስክሌት ብዙ ነውና።

እኛም በዚህ ዓይነት መርምረን፥ ከሁለት ወር ደመወዜ ጋር የሚተካከል ዋጋ ከፍለን፥ በዓረብ ብረት የተሠራ፥ የላይኛው ቱቦ ዝቅ ያለ ብስክሌት ገዛን። ቱቦው ዝቅ ማለቱ ሦስት ማዕዘኑን ስለሚያፈርሰው ሠሪው ሌላውን ቱቦ አወፍሮታል፤ ስለዚህም 16 ኪሎ ይመዝናል። የባለቤቴ ወንድም አንሥቶ ሞክሮ ሣቀብን። ነገር ግን እናትም ልጅም ቀሚስ ለብሰው ሊነዱት ይችላሉ፤ ቢሰበርም የሚበይደው፥ ቢጎድልም መለዋወጫው በአቅራቢያችን አለ። ለአንድ ቤት የተገዛ ዕቃ አንድ ሰው ብቻ የሚገለገልበት ከሆነ ግማሽ ዋጋው ባከነ ማለት ነው።

ልጄ ጄሶው ከተፈታላት በኋላ ለብዙ ቀን ወደ ብስክሌቱ መቅረብ እምቢ ብላ ነበር። እኔም አላስገደድኋትም፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝና። በአንድ እሑድ ማታ ግን እናቷ በግቢው ስትለማመድ አይታ ሣቀች፤ በማግስቱም ራሷ ልሞክር አለች። አሁን ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የለም። ጧት እርሷ ቀስ ብላ ትነዳለች፥ እኔም በጎኗ በፈጣን እርምጃ እሄዳለሁ፤ ከትምህርት ቤቷ በር ስንደርስ ብስክሌቱን ተቀብዬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜም በጨርቅ እየወለወለች መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ትመረምራለች፤ ያየችውንም እኔ በደብተር ከነቀኑ እጽፋለሁ። መርማሪዋ እርሷ፥ ጸሐፊው እኔ ነኝ።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ከዚህ ሁሉ ነገር ሁለቱን ብቻ ብትይዙ ይበቃል። ብስክሌት ስትገዙ የሚያምረውን ሳይሆን የሚሸከመውንና በአገራችሁ ሊጠገን የሚችለውን ምረጡ፤ የሚሸከመውንም ልክ ከላዩ ከተጻፈው አንብቡ። ሕፃን ልጅም «ይህ መስመር ምንድር ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፥ ጋዜጣችሁን አስቀምጣችሁ ተነሥታችሁ እዩለት።